ቀትር ላይ የሚዘጋው ቧንቧ

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ከመሃል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ሁለት ዓመት በከባድ መኪና ረዳትነት ከአዳማ ጅቡቲ ስመላለስ፣ ሾፌሮች መንገድ ላይ ስላሳፈሯትና ዞር ሲሉ ከወንበሩ ላይ ስላጧት ሴት ስንት ነገር አውርተዋል፣ እኔ ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው "ስንት ሰዓት ሳትተኙ ነድታችሁ ነበር?" ብዬ ብቻ ነው፣ ይስቁብኛል፣ ወሬውም እዚያው ይበርዳል። ነገር መለካት እወዳለሁ፣ ከኪሴ ሜትርና ትንሽ ደብተር አይጠፋም። ይህ የምነግራችሁም በጨለማ የሆነ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ነው ብዬ እተወው ነበር፣ የሆነው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ላይ ነው፣ ጅቡቲ ሱቁን ዘግቶ፣ ጫቱን ይዞ፣ ሁሉም ሰው ከቤቱ በሚገባበት ሰዓት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ቡገንቪላ ነው፣ ያ በየግንቡ ተንጠላጥሎ ወረቀት የመሰለ ደማቅ አበባ የሚያፈሰው እሾሃም ሐረግ። ሾፌሬ ጋሽ ታደሰ ዓይኑ ደክሞ መንዳት ሲተው እኔ ከሌላ ሾፌር ጋር መልመድ አልሆነልኝም፣ እዚሁ ጅቡቲ ቀረሁ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባል ሰፈር ውስጥ ወደብ ላይ ከሚሠሩ ሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራየሁና በየቀኑ ሥራ ፍለጋ በእግሬ ሄሮን ወደሚባለው ሰፈር መሄድ ጀመርኩ፣ በባሕሩ ዳር ባሉት የድሮ ቤቶች ሠራተኛ የሚፈልግ አይጠፋም ብለውኝ። አንድ ጠዋት ይህን ሐረግ አየሁት፣ ግንቡን ተሻግሮ፣ የውሃ ታንከሩን አቅፎ፣ የእግረኛ መንገዱን ወይን ጠጅ አልብሶታል። አንድ የረገፈ አንስቼ በጥፍሬ እየበለትኩ ሳለ የግቢው በር ተከፈተና አንዲት አጠር ያለች ሴትዮ መጥረጊያ ይዛ ወጣች።

"ምን ጠፋብህ?" አለችኝ በአማርኛ፣ መልኬን አይታ መሆን አለበት።

"አበባው የቱ ጋ እንደሆነ እየፈለግሁ ነው።"

"አቦ፣ ይኼ ሁሉ ምን መሰለህ፣ ሽንኩርት?"

አሳየኋት። ወይን ጠጁ አበባ ሳይሆን ቅጠል እንደሆነ፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ እንደሚቆሙ፣ እውነተኛው አበባ ከመሃላቸው ያለችው የክብሪት ራስ የምታህል ነጭ ነገር እንደሆነች፣ ይህንንም ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ እንደተማርኩት ነገርኳት። ሴትዮዋ አንዱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ ቆየች። "ሃያ ሁለት ዓመት ቅጠሉን አበባ እያልኩ ሳሞግሰው፣ እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ይሰማኛል" አለች፣ ቀጥላም "ግባ እስቲ፣ መሐንዲሱ" አለችኝ።

እትዬ ብርቄ ይህች ናት። ስሜ ሲሳይ እንደሆነ ነግሬያታለሁ፣ አንድ ቀን ግን ጠርታኝ አታውቅም፣ መሐንዲሱ ነኝ። የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ በወጣትነቷ እዚህ መጥታ በዚያ ቤት እያደረች ስትሠራ ኖራለች፣ ጌቶቹ ተለዋወጡ፣ እሷ አልተለወጠችም። ሐረጉን ያኔ የነበረችው ፈረንሳዊት እመቤት ለመጣል ከቆረጠችው እንጨት አንዱን ለምና ራሷ የተከለችው ነው። ዛሬ ቤቱ የሙሴ ፋራህ ነው፣ ሙሴ እዚህ በፈረንሳይኛው አቶ ማለት ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ብዙ አይናገርም። እትዬ ብርቄ እሱንና ሚስቱን ማዳምን አሳምና መሰላል ወጥቶ የሚከረክም ሰው ያስፈልጋል አስብላ አስቀጠረችኝ።

ከቪዲዮ የማይገኘውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። በአሥራ ሁለት ቀን አንዴ ነው የምታጠጣው፣ ያኔ ግን የውሃ ማጠጫ ጎማውን ግንዱ ሥር አድርጋ አርባ ደቂቃ ሙሉ በቀስታ እንዲፈስለት ትተወዋለች፣ ከዚያ ራሷ ሄዳ ቧንቧውን ትዘጋለች። ለዚህ ነገር ሰው አታምንም፣ እኔ እንኳ ስንት ጊዜ ልዝጋው ብያት እምቢ ብላለች። ስትዘጋው ሁልጊዜ በምላሷ አንዴ "ጽ" ታደርጋለች፣ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ወጥ ቤት ትመለሳለች። የቀኙ ጫማ ማሰሪያው ተበጥሶ በሽቦ ጠግናዋለች፣ ሽቦው ሊሾውን ሲነካ ይጮሃል፣ ጠፍ፣ ቺር፣ ጠፍ፣ ቺር፣ ከየትኛውም የግቢው ጥግ ሆነህ የት እንዳለች ታውቃለህ።

"ቅጠሉ ሲተኛስ?" ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን።

"ይተኛ።"

"ቢደርቅስ?"

"አይደርቅም፣ ያስመስላል። ሲለምንህ አትዘንለት። የጠገበ ዕለት ማበቡን ይተዋል።"

ይህ ነገር አልተዋጠልኝም፣ ለምን እንዳልተዋጠልኝም ልንገራችሁ፣ አለዚያ የሠራሁትን ስህተት አትረዱልኝም። በዚያ በአፋር በረሃ መንገድ ስታልፉ ሰዎች ዳር ላይ ቆመው ባዶ መሆኑ እንዲታይ ቢጫ ጀሪካን ወደ ታች ዘቅዝቀው ያሳዩአችኋል፣ ቃል አይናገሩም። ጋሽ ታደሰ ጭነት ቢዘገይም፣ ቢመሽም፣ የተዘቀዘቀ ጀሪካን አይቶ አያልፍም፣ መኪናውን ያቆማል፣ ወርጄ የምቀዳው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ይህን የሠራ እጅ የተኛ ቅጠል ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

በየካቲት እትዬ ብርቄ እግሯ እያበጠ መቆም አቃታት፣ ሕክምና ተብሎ በባቡር ወደ ድሬዳዋ፣ የእህቷ ልጅ ሰብለ ጋ ሄደች። ለጉዞው ጫማ አደረገች፣ ነጠላ ጫማዋን ወጥ ቤቱ በር ላይ አቆመችውና እንዳላነሳው አዘዘችኝ፣ እመለሳለሁ አለች። የመጨረሻ ቃሏ ስለ ጤናዋ አልነበረም፣ "አበባዬን ጠብቅልኝ፣ ደግሞ አትዘንለት" ነበር።

እኔ ግን አዘንኩለት። በሳምንቱ ቀትር ላይ ቅጠሉ ሁሉ ወደ ታች ዘቅዝቆ አገኘሁት፣ ልክ እንደ ጀሪካኑ፣ እትዬ ብርቄ አርጅታ ጉልበት አጥታ ነው በአሥራ ሁለት ቀን ያደረገችው ብዬ ለራሴ አሳመንኩ፣ በየቀኑ ማጠጣት ጀመርኩ፣ የፍየል ፍግም ጨመርኩበት። በሁለት ወር ሐረጉ እንዲህ አረንጓዴ ሆኖ አያውቅም፣ ቅርንጫፎቹ ሁለት ሜትር ከአርባ ደርሰው ሰማይ ሰማይ አሉ፣ እሾሃቸው የጣቴን እኩሌታ ያህላል፣ አበባ ግን አንድም የለም። ማዳም መኪና ውስጥ ልትገባ ስትል እሾሁ ሻሿን ያዘና ቀደደው። በማግስቱ ሙሴ ፋራህ ሜትሬን ከእጄ ተቀብሎ ሐረጉ ያለበትን ቦታ ለካ፣ ለመኪናው የቆርቆሮ መጠለያ ሊያሠራ ነው። በተሰባበረው ፈረንሳይኛዬ ለመንኩት፣ አሰበና እስከ አረፋ በዓል ካላበበ ከሥሩ ይነቀላል አለ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ብርቄ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ከአልጋ መውረድ እንዳቃታት ሰብለ ቀደም ብላ ነግራኛለች። ስለ ሙሴ አልጠየቀችም፣ ስለ ማዳም አልጠየቀችም።

"እንዴት ነው?" አለችኝ።

"አብቧል" አልኳት። "ግንቡ አይታይም።"

  "እሺ ልጄ" አለችና ዘጋችው። ሰው አልዋሽም አልልም፣ ግን ያን ቀን እስኪመሽ ሐረጉ ባለበት በኩል አላለፍኩም።

አሁን ወደዚያ ነገር ልምጣ። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ማክሰኞ። የውሃው ግፊት የሚሻለው ሰው ሁሉ ሲተኛ ስለሆነ ሰባት ሰዓት ላይ ቧንቧውን ሩብ ዙር ከፍቼ፣ ጎማውን ግንዱ ሥር አድርጌ፣ አሮጌ ዕቃ ሞልቶት መኪና የማይገባበት ጋራዥ ጥላ ውስጥ ተጋደምኩ። ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ቆመ። ከተማው ውሃ አጠፋ ብዬ ሄጄ ባይ ቧንቧው ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ረስቼ ነው አልኩና ከፈትኩት። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ።

እትዬ ብርቄን የተካችው ልጅ ሥራዋን ጨርሳ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ሙሴና ማዳም ፎቅ ላይ ኤሲ ከፍተው ተኝተዋል፣ ስለዚህ የቀረው ዘበኛው ነው። አዴር ዋበሪ እንለዋለን፣ አዴር በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው፣ አማርኛ ጥሩ አድርጎ ይናገራል። በሩ ጋ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይዟል። አንተ ነህ ወይ የዘጋኸው ስለው ከልቡ ሳቀ። "እኔ ለሙሴ በር ለመክፈት እንኳ በዚህ ሰዓት አልነሳም፣ ለሣር ልነሳልህ?" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጥቁር ክር ይዤ መጣሁ። ቧንቧውን ሩብ ዙር ከፍቼ እጀታውን ከቧንቧው አንገት ጋር አሰርኩት፣ ቋጠሮው የጭነት ሸራ የምናስርበት የረዳት ቋጠሮ ነው፣ ሌላ ሰው በቀላሉ አይቋጥረውም። እጀታው ከዞረ ክሩ ይበጠሳል ወይ ይላላል፣ ሌላ መንገድ የለም። ውሃው ቆመ። ሄድኩ። ቧንቧው ተዘግቷል፣ ክሩ አልተበጠሰም፣ አልላላም፣ ከተዘጋው እጀታ ጋር ልክክ ብሎ ተወጥሯል፣ ቋጠሮውም የእኔው ነው። እመኑኝ፣ እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሜ ብርድ ብርድ አለኝ።

በአራተኛው ቀን አልተጋደምኩም፣ ባልዲ ገልብጬ ከቧንቧው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ነፋሱ ቆመ። ታንከሩ ላይ የሚጮሁት ቁራዎች ዝም አሉ። የአዴር ዋበሪ ራዲዮ አንዴ ተንኮሻኮሸና ድምፁ ጠፋ፣ ኋላ ስጠይቀው እሱ አልዘጋሁም፣ እኔ ጋ አልጠፋም አለኝ። ከዚያ ከወጥ ቤቱ በር በኩል ሰማሁት፣ ጠፍ፣ ቺር። ጠፍ፣ ቺር። ሳላስበው ፊቴን ወደዚያ መለስኩ፣ በሩ ላይ ማንም የለም፣ እንግዲህ ዞር ያልኩት አንድ ትንፋሽ ለምታህል ጊዜ ነው፣ ስመለስ ውሃው ቆሟል። ጆሮዬ ሥር፣ በጣም ቅርብ፣ አንድ ሰው በምላሱ "ጽ" አለ።

ሊሾው ላይ ከቧንቧው እስከ ወጥ ቤቱ በር እርጥብ የጫማ ዱካ አለ። ሰባት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ከቧንቧው በኩል ያለው ቀድሞ ይደርቅ ጀመር፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ እንደ አካሄዱ፣ እኔም ሜትሬን አውጥቼ ያልደረቀውን አምስተኛውን ለካሁት፣ ሃያ ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ በቀኝ በኩል የሽቦ ጭረት አለው። በዚያ ሰዓት ሜትር ማውጣት ምን የሚሉት እብደት ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔ ስፈራ የማውቀው መለካት ብቻ ነው። የእትዬ ብርቄ ነጠላ ጫማ በሩ ላይ እንደቆመ ነው። አነሳሁት። የላዩ ፀሐይ መትቶት እጅ ያቃጥላል፣ ሶሉ ግን ርሶ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ቀዝቃዛ ነው። እዚያው ቦታው መለስኩት።

መፍራት ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም፣ ግን ያ ፍርሃት እትዬ ብርቄ ከወጥ ቤት ሆና ስትቆጣኝ ከምፈራው ፍርሃት ብዙም አይለይም ነበር። "እሺ፣ ገባኝ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለማን እንዳልኩት አላውቅም። ጎማውን ጠቅልዬ ሰቀልኩት፣ ፍጉን ከሥሩ ጠርጌ አነሳሁ፣ የረዘሙትን ቅርንጫፎች ከረከምኩ፣ አሥራ ሁለት ቀን እስኪሞላ አንድ ጠብታ አላፈሰስኩም።

እነዚያ ቀናት አይጣል ነው። ግንቦት ገባ፣ ያ የሚያቃጥል ነፋስ ጀመረ፣ ቅጠሉ ተኛ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ይረግፍ ጀመር፣ በየጠዋቱ በመጥረጊያ የምሰበስበው እኔ ነኝ፣ ማዳምም ከመስኮት እያየችኝ ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ጠዋት ባልዲ ሞልቼ ይዤ ግንዱ ሥር ደርሼ ነበር፣ ልቤ አልቻለም፣ ግን ወደ ወጥ ቤቱ በር አየሁና ውሃውን ወስጄ ሊሾ አጠብኩበት። በየቀኑ ማጠጣት ካቆምኩ በሠላሳ አራተኛው ቀን፣ አረፋ አምስት ቀን ሲቀረው፣ መሰላል ላይ ሆኜ ከጫፉ ላይ አንዲት ወይን ጠጅ ነጥብ አየሁ። በበዓሉ ዋዜማ ቅጠል ማየት አይቻልም ነበር፣ ታንከሩ፣ ግንቡ፣ የበሩ ቅስት፣ ሁሉም ወይን ጠጅ ነው። ማዳም እህቶቿን ጠርታ ከሥሩ ፎቶ ተነሳች። ሙሴ ፋራህ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ብዙ ቆሞ አየው፣ መጠለያው በጓሮ በኩል ይሁን አለና ገባ።

ወዲያው ድሬዳዋ ደወልኩ። አሁን እውነቱን ልነግራት ነው፣ ውሸቱንም ልናዘዝ ነው። ስልኩን ሰብለ አነሳችው፣ አክስቷ እንደተኛች ነገረችኝ፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ልጠይቅህ አለችኝ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በጣም ታማ ነበር፣ ቀትር ቀትር ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ እንቅልፏ ውስጥ ሆና ቀኝ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ የሆነ ነገር እንደሚያዞር ሰው ታዞረዋለች፣ አራት ቀን እንዲህ አደረገች፣ ከዚያ ተወችው። "እዚያ ቤት ምን ነበር የምትዘጋው?" አለችኝ። ያኔ ከኋላዋ ድምፅ ሰማሁ፣ እትዬ ብርቄ ስልኩን ተቀበለቻት።

"አሁን ገና አበበ፣ አይደል?" አለችኝ።

"አዎ እትዬ። ያን ጊዜ..."

"አውቃለሁ። ለእሱም አትዘን፣ ለእኔም አትዘን፣ ብያለሁ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ደግሞ ጫማዬን ከዚያ ፀሐይ አንሳልኝ አቦ፣ እግሬን አቃጠለኝ።"

የወጥ ቤቱ በር ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፣ እሷ ስትሄድ ጥላ ነበር፣ ፀሐይ እዚያ መውደቅ የጀመረችው በሚያዝያ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ የኖረች ሴት ፀሐይ መቼ የት እንደምትወድቅ ታውቃለች ትሉኛላችሁ፣ እኔም እንዲያ ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ጫማውን ግን ያኔውኑ አንስቼ ጋራዡ ጥላ ውስጥ አኖርኩት፣ ሶሉንም በጨርቅ ጠረግሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰላም ነበር፣ በአሥራ ሁለት ቀን አንዴ እከፍታለሁ፣ አርባ ደቂቃ ሲሞላ ራሴ እዘጋለሁ፣ ምንም የለም። ለዚህ ነው ነገሩን ለማንም ሳልናገር የቆየሁት።

ይህን የምጽፍላችሁ ግን ዛሬ ነው፣ አሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብዬ። ቧንቧውን ልከፍት ስነሳ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀረው ነበር፣ አልደረስኩበትም፣ ውሃው ራሱ መፍሰስ ጀመረ። ከዚያ ዱካ ሰማሁ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ፈጠን ያለ፣ ቀለል ያለ፣ እግሯ አብጦ የማያውቅ የወጣት ሴት አረማመድ ነው፣ ሽቦው አይጮህም። ጫማው ግን እዚሁ አጠገቤ ነው፣ ደረቅ ነው፣ አሁንም እጄን አስቀምጬበታለሁ።

ስልኬ ሦስት ጊዜ ጠራ። የሰብለ ቁጥር ነው። ሰብለ አክስቷ የምትተኛበት ሰዓት ስለሆነ ቀትር ላይ ደውላ አታውቅም። አላነሳሁትም። ውሃው ሲዘጋ እደውላለሁ አልኩ፣ እትዬ ብርቄ ከፍታ ሳትዘጋ ሄዳ አታውቅምና፣ አርባ ደቂቃ ነው፣ ከዚያ "ጽ" ትላለች፣ ያኔ እደውላለሁ።

ሰዓቴን አየሁ። ውሃው መፍሰስ ከጀመረ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሆኖታል፣ ሥሩ ሞልቶ ሊሾው ላይ መጥቷል፣ ወደ እግሬ እየቀረበ ነው። ተነስቼ ልዘጋው እችላለሁ፣ ሩብ ዙር ነው፣ ከዘጋሁት ግን መደወል አለብኝ። እስካሁን አልተነሳሁም።